የመኪና ኮፈን በጉዞ ላይ መከፈት

የመኪና ኮፈን በጉዞ ላይ መከፈት ማለት የሞተሩን ክፍል የሚሸፍነው የፊት ክዳን፣ መኪናው እየተጓዘ ሳለ ከመቆለፊያው ወጥቶና ነፋስ ከሥሩ ገብቶበት ወደ ላይ ሲበረገድ የሚደርስ አደጋ ነው። ክዳኑ ወደ ኋላ ተወርውሮ የፊት መስታወቱንና የጣሪያውን ጫፍ ይመታል። አሽከርካሪው ይመለከተው የነበረው መንገድ በቅጽበት ይጠፋና በምትኩ የኮፈኑን የውስጥ ገጽ ያያል። ኮፈን የሚለው ቃል እንደ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፓራውልትና ፍሬቻ ሁሉ ከጣልያንኛ ወደ ጋራዥ አማርኛ የገባ ነው።

አደጋው እንደ ጎማ መፈንዳት ወይም እንደ ፍሬን እምቢ ማለት ብዙ አይወራለትም። ከእነዚህ የሚለየው ደግሞ መኪናው ለመንዳት የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ደህና መሆኑ ነው። ሞተሩ ይሠራል፣ ፍሬኑ ይይዛል፣ መሪው ይታዘዛል፤ የጠፋው እይታ ብቻ ነው። ስለዚህ የጉዳቱ መጠን በአብዛኛው የሚወሰነው አሽከርካሪው በቀጣዮቹ ጥቂት ሰከንዶች በሚያደርገው ነገርና ከኋላው በሚመጣው መኪና ርቀት ነው።

ኮፈን እንዲሁ በድንገት አይበረገድም። ዛሬ መንገድ ላይ ያሉት መኪኖች ከሞላ ጎደል ሁሉም ሁለት መያዣ አላቸው፤ አንዱ ቢለቅ ሌላው እንዲይዝ ተብለው የተሠሩ ናቸው። ኮፈኑ መስታወት ላይ ወጥቶ ከታየ ሁለቱም አልያዙም ማለት ነው። አሽከርካሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚያስታውሱት የመጀመሪያውን ብቻ ነው፦ «ዘይት አይቼ በደንብ አልዘጋሁትም» ይላሉ። ሁለተኛው መያዣ ግን ምናልባት ከወራት ወይም ከዓመታት በፊት ሥራውን አቁሞ፣ ማንም ሳያውቀው የቆየ ሊሆን ይችላል።

የመቆለፊያው አሠራር

በአብዛኞቹ መኪኖች ኮፈኑ ማጠፊያው ከኋላ፣ ከፊት መስታወቱ ሥር ነው፤ የሚከፈተው ከፊት በኩል ነው። በኮፈኑ የፊት ጫፍ የውስጥ ገጽ ላይ እንደ ቀለበት የታጠፈ ወፍራም የብረት ዘንግ አለ። ትይዩው ደግሞ ከራዲያተሩ በላይ ባለው የመኪናው አካል ላይ መቆለፊያው ተገጥሟል። ኮፈኑ ሲወድቅ ቀለበቱ የመቆለፊያውን ጥፍር ይገፋል፤ ጥፍሩ ዞሮ ቀለበቱን ያቅፈዋል፤ ከኋላው አንዲት ትንሽ መቀርቀሪያ ወድቃ ጥፍሩ ተመልሶ እንዳይዞር ትከለክለዋለች። «ቋ» የሚለው ድምፅ የሚሰማው ያን ጊዜ ነው። ይህ የመጀመሪያው መያዣ ነው።

አሽከርካሪው ከክሩስኮቱ በታች ያለውን ማንሻ ሲስብ ገመዱ መቀርቀሪያዋን ያነሳታል፤ ጥፍሩ ይለቃል፤ ሞላ ኮፈኑን ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ብድግ ያደርገዋል። ኮፈኑ ከዚያ በላይ አይነሳም፣ ምክንያቱም ሁለተኛው መያዣ፣ ማለትም የደህንነት መንጠቆው፣ ይይዘዋል። ይህን መንጠቆ ለማስለቀቅ በአብዛኞቹ መኪኖች ከመኪናው መውረድ፣ በክፍተቱ ጣት ማስገባትና መንጠቆውን ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ መግፋት ያስፈልጋል። አሠራሩ ሆን ተብሎ ነው አስቸጋሪ የሆነው። ማንሻው በስህተት ቢሳብ፣ ገመዱ ቢበጠስ ወይም ክዳኑ በደንብ ሳይዘጋ ቢቀር፣ መኪናው ውስጥ የተቀመጠ ሰው በአንድ እንቅስቃሴ ኮፈኑን ሙሉ በሙሉ ሊከፍተው አይችልም። በአንዳንድ አዳዲስ ሞዴሎች የውስጡን ማንሻ ሁለት ጊዜ በመሳብ ሁለቱንም መያዣ መክፈት ይቻላል፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው፣ ሁለት የተለያዩ ድርጊቶች መኖር አለባቸው።

መንጠቆውን ወደ መያዣ ቦታው የሚመልሰው አንድ ትንሽ ሞላ ነው። መንጠቆው በዘንጉ ላይ እንደልቡ ከተንቀሳቀሰ ሞላው ሥራውን ይሠራል። ዝገት፣ የደረቀ ግራሶ ወይም አቧራ ዘንጉን ከያዘው ግን መንጠቆው ሰው መጨረሻ በተወው ቦታ ተጣብቆ ይቀራል። ሰው መንጠቆውን የሚነካው ደግሞ ኮፈኑን ለመክፈት ነው። ስለዚህ የተጣበቀ መንጠቆ አብዛኛውን ጊዜ የሚጣበቀው ክፍት ሆኖ ነው። የመጀመሪያው መያዣ ደህና እስከሆነ ድረስ ኮፈኑ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ድምፁም ትክክል ነው፤ ብልሽቱን የሚያሳይ ምንም ምልክት የለም። በምህንድስና ቋንቋ ይህ ስውር ብልሽት ይባላል፤ መጠባበቂያው የሚፈተነው ዋናው ሲወድቅ ብቻ በመሆኑ፣ መጠባበቂያው መሞቱ የሚታወቀው በጣም ሲፈለግ ነው። መጠባበቂያ ፋይሉ የተበላሸ መሆኑን ዋናው ፋይል ከጠፋ በኋላ ያወቀ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል።

ነፋሱ የሚያደርገው

መኪና ሲጓዝ አየር በማስኬሪናው በኩል ወደ ሞተሩ ክፍል ይገባል፤ በዚያ ያለው ግፊት ከፍ ይላል። ከኮፈኑ የፊት ጠርዝ በላይ ደግሞ አየሩ ለመታጠፍ ስለሚፋጠን ግፊቱ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ኮፈን በተዘጋበት ጊዜም ቢሆን ከታች ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል አለ፤ የሚችለው መቆለፊያው ነው። መቆለፊያው ከለቀቀና የፊቱ ጠርዝ ጥቂት ከተነሳ፣ ከፊት የሚመጣው አየር በቀጥታ ከሥሩ ይገባበታል። ከዚያ በኋላ ኮፈኑ እንደ ሸራ ነው፤ በተነሳ ቁጥር ነፋሱን የሚቀበልበት ስፋት ይጨምራል፣ ስፋቱ በጨመረ ቁጥር የበለጠ ይነሳል።

የኃይሉን መጠን በቀላል ስሌት መገመት ይቻላል። የአየር ግፊቱ ከፍጥነት ካሬ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ፍጥነት ሁለት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። 1.4 ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ርዝመት ያለው ኮፈን ቀጥ ብሎ ቆሞ ነፋሱን ቢቀበል፣ በባሕር ወለል ከፍታ ላይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የ20 ኪሎ ሸክም ያህል፣ በ100 ኪሎ ሜትር የ80 ኪሎ ያህል፣ በ120 ኪሎ ሜትር ደግሞ ከ110 ኪሎ በላይ ግፊት ያርፍበታል። የአንድ ትንሽ አውቶሞቢል የብረት ኮፈን ራሱ የሚመዝነው ከ12 እስከ 20 ኪሎ ገደማ ነው። ከዚህ እንደሚታየው በከተማ ፍጥነት በደንብ ያልተዘጋ ኮፈን በገዛ ክብደቱ ተኝቶ ሊቆይ ይችላል፤ አውራ ጎዳና ላይ ሲወጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። አደጋው ብዙ ጊዜ ከተማ ወጣ ሲሉ የሚደርሰው ለዚህ ነው። ከፊት የሚመጣ ትልቅ የጭነት መኪና ሲያልፍ የሚፈጥረው የአየር ሞገድም ላልተያዘ ኮፈን የመጨረሻው ግፊት ሊሆን ይችላል።

የቦታ ከፍታም ልዩነት አለው። አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ እፍግታ በባሕር ወለል ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል፤ በ100 ኪሎ ሜትር የሚያርፈው የ80 ኪሎ ግፊት ወደ 60 ይወርዳል። ወደ አዳማ ሲወረድ መልሶ ጥቂት ይጨምራል። ቢሆንም በመቶ ቤት የሚቆጠረው የፍጥነት ጭማሪ ከፍታው ከሚቀንሰው እጅግ ይበልጣል።

ምክንያቶቹ

በጣም የተለመደው ምክንያት ኮፈኑ ከተከፈተ በኋላ በደንብ አለመዘጋቱ ነው። ዘይት ሲታይ፣ ራዲያተር ውስጥ ውኃ ሲጨመር፣ ባትሪ በኬብል ሲነሳ፣ ወይም ላቫጆ ላይ ሞተር ሲታጠብ ኮፈኑ ይከፈታል፤ የዘጋው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ አሽከርካሪው አይደለም። ቀስ አድርጎ በእጅ ተጭኖ የመዝጋት ልማድም አለ፤ ቀለሙ እንዳይጎዳ ወይም ላሜራው እንዳይሰረጉድ ከማሰብ የመጣ ነው። በአብዛኞቹ መኪኖች ግን ኮፈኑን ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ለቆ በራሱ ክብደት እንዲወድቅ ማድረግ ይሻላል፤ ካልያዘ እንደገና አንስቶ መልቀቅ እንጂ በጉልበት መጫን አያስፈልግም። በግማሽ የተዘጋ ኮፈን ከሩቅ ሲታይ የተዘጋ ይመስላል። ልብ ብሎ ያየ ሰው ግን በኮፈኑና በፓራፋንጎው መካከል ያለው መስመር ወደ ፊት እየሰፋ መሄዱን ያስተውላል።

ሁለተኛው የዝገትና የቆሻሻ ጉዳይ ነው። መቆለፊያው የሚገኘው ከማስኬሪናው ጀርባ፣ ጎማ የሚረጨው ጭቃ፣ የመንገድ አቧራና ዝናብ በሚደርሱበት ቦታ ነው። በቀዝቃዛ አገሮች በረዶ ለማሟሟት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ይጨመርበታል። ሞተር በግፊት ውኃና በቤንዚን ሲታጠብ መቆለፊያው ላይ የነበረው ግራሶ አብሮ ታጥቦ ይሄዳል፤ መልሶ የሚቀባው ሰው ጥቂት ነው። የገመዱም ነገር ከዚህ አይለይም፤ በሽፋኑ ውስጥ ከዛገ ማንሻው ከተሳበ በኋላ ወደ ቦታው ስለማይመለስ መቀርቀሪያዋ በግማሽ ተነስታ ትቀራለች።

ከግጭት በኋላ የተጠገነ መኪና በተለይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቀላል የሚመስል የፊት ግጭት እንኳ መቆለፊያው የተገጠመበትን ብረት ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን ይገፋዋል። ላሜራው ይቀናል፣ ቀለም ይቀባል፣ መኪናው አዲስ ይመስላል፤ ቀለበቱና ጥፍሩ ግን በትክክል አይገናኙም። ወይም ቀለሙ ራሱ መንጠቆው ዘንግ ላይ ገብቶ ይደርቃል። የመቆለፊያውን ብሎኖች ለቆ፣ ኮፈኑን ደጋግሞ ከፍቶና ዘግቶ ማስተካከል የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ሳይሠራ የሚቀረው ችግሩ በዓይን ስለማይታይ ነው። በኮፈኑ ጠርዝ ሥር ያሉት የጎማ ማረፊያዎችም ተመሳሳይ ሚና አላቸው፤ ኮፈኑን ወደ ላይ እየገፉ መቆለፊያውን ወጥረው ይይዙታል፤ ሲጠፉ ወይም ሲያረጁ ኮፈኑ መንገድ ላይ ይርገበገባል።

በመጨረሻም የኮፈኑ ማንሻ በስህተት የሚሳብበት ጊዜ አለ፤ በተለይ ከነዳጅ ክዳን ማንሻ ጋር በተቀራረበበት መኪና። ይህ ስህተት በራሱ ጉዳት የለውም፤ መንጠቆው ካለ።

ከቆዳ ቀበቶ እስከ ሕግ

የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ይህ ችግር እምብዛም አልነበረባቸውም። እንደ ፎርድ ሞዴል ቲ ባሉት መኪኖች ኮፈኑ በመሐል የተከፈለ ሆኖ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ በሁለቱም ጎን የሚከፈት ነበር፤ በውድድር መኪኖች ላይ ደግሞ በወፍራም የቆዳ ቀበቶ ይታሰር ነበር። ቢለቅም ወደ ጎን እንጂ ወደ መስታወቱ አይመጣም። ነገሩ የተለወጠው በ1930ዎቹ አንድ ወጥ የሆነው፣ እንደ አዞ አፍ ከፊት የሚከፈተው ኮፈን ሲስፋፋ ነው። ሠፊና ለመካኒክ ምቹ ነው፤ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል የሚከፈት መሆኑ ግን አብሮት የመጣ ችግር ነው።

አንዳንድ ፋብሪካዎች ከሥሩ የተለየ መንገድ መርጠው ነበር። የሳብ 99 እና 900፣ የጃጓር ኢ-ታይፕ፣ እንዲሁም የ1980ዎቹ ቢኤምደብልዩ 3 ተከታታይ መኪኖች ኮፈን ማጠፊያው ከፊት ነው፤ የሚከፈተው ከመስታወቱ በኩል ስለሆነ፣ ሳይዘጋ ቢረሳ እንኳ ነፋሱ መልሶ ይጫነዋል እንጂ አያነሳውም። በደህንነት በኩል ይህ ንድፍ የተሻለ ነው ማለት ይቻላል፤ ስህተቱን የሚይዝ ሌላ ክፍል ከመጨመር ይልቅ ስህተቱ ጉዳት እንዳያመጣ ያደርጋልና። ቢሆንም ዛሬ ብዙም አይታይም።

በዩናይትድ ስቴትስ እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣውን የተሽከርካሪ ደህንነት ሕግ ተከትሎ ከተደነገጉት መስፈርቶች አንዱ ቁጥር 113 ሲሆን፣ ርዕሱ የኮፈን መቆለፊያ ነው፤ ተፈጻሚ የሆነውም ከጥር 1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ከመስፈርቶቹ ሁሉ አጭር ከሚባሉት ነው። ማንኛውም ኮፈን መቆለፊያ እንዲኖረው ያዝዛል፤ ከፊት የሚከፈትና ሲከፈት የአሽከርካሪውን እይታ በከፊልም ሆነ በሙሉ የሚጋርድ ኮፈን ደግሞ ሁለተኛ የመያዣ ደረጃ ወይም ሁለተኛ መቆለፊያ እንዲኖረው ግዴታ ያደርጋል። ዛሬ በየመኪናው የሚገኘው መንጠቆ የዚህ ዓይነቱ ደንብ ውጤት ነው።

ለእርማት የተጠሩ መኪኖች

መስፈርቱ መንጠቆ እንዲኖር ያዝዛል እንጂ ከአሥር ዓመት አቧራና ዝናብ በኋላ እንዲሠራ ማድረግ የፋብሪካው ፈንታ ነው። የዚህ በጣም የታወቀው ምሳሌ የኒሳን አልቲማ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የ2013 ሞዴል አልቲማዎችን፣ ቀጥሎም ተከታዮቹን ሞዴሎች በሁለተኛው መንጠቆ ምክንያት በተደጋጋሚ ለእርማት ጠራ። በ2020 ደግሞ ከ2013 እስከ 2018 የተሠሩትን፣ ቀደም ሲል የተጠሩትንም ጨምሮ፣ 1.8 ሚሊዮን የሚሆኑ መኪኖችን በአሜሪካ እንደገና ጠራ። ችግሩ ከላይ የተገለጸው ነው፤ በቆሻሻና በዝገት መንጠቆው ክፍት ሆኖ ይጣበቃል፤ ከዚያ የመጀመሪያው መያዣ ሳይዝ ከቀረ ወይም በስህተት ከተለቀቀ ኮፈኑ በጉዞ ላይ ይበረገዳል። አንድ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ክፍል ለማስተካከል ዓመታት መፍጀቱ፣ ነገሩ ከውጭ እንደሚታየው ቀላል አለመሆኑን ያሳያል። ሀዩንዳይም በ2017 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከ400 ሺህ በላይ የሳንታ ፌ መኪኖችን የጠራው ከሁለተኛው መያዣ ጋር በተያያዘ ገመድ መዛግ ምክንያት ነበር።

የቴስላ ጉዳይ ትንሽ ይለያል። ኩባንያው በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. ወደ 119 ሺህ የሚሆኑ ሞዴል ኤስ መኪኖችን የጠራው የፊት ክዳናቸው መቆለፊያ ከቦታው ዘንበል ብሎ በመገጠሙ ነበር፤ ይህ በመፍቻ የሚስተካከል ነው። በሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. የተደረገው ጥሪ ግን 1.85 ሚሊዮን ገደማ መኪኖችን የሚመለከት ሆኖ፣ ችግሩ በመቆለፊያው ውስጥ ያለችው ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ቅርጿ ሊበላሽ መቻሉ ነበር። በዚህም ምክንያት ኮፈኑ ክፍት ሆኖ ሳለ መኪናው ተዘግቷል ብሎ ያምናል፤ አሽከርካሪውን አያስጠነቅቅም። መፍትሔው በኢንተርኔት የተላከ የሶፍትዌር ዝማኔ ነው፤ ማንም ጋራዥ አልሄደም። ዝማኔው ግን ኮፈኑን አይዘጋውም፤ ክፍት መሆኑን ለይቶ ለአሽከርካሪው ይነግረዋል እንጂ። ለመውረድና ለመዝጋት አሁንም ሰው ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ ካሉት ተሽከርካሪዎች ብዙዎቹ ከዚህ አደጋ ነፃ ናቸው። ለረጅም ጊዜ በታክሲነት ያገለገሉት የቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባሶች ሞተራቸው ከፊት ወንበሮች ሥር ነው። አይሱዙዎችም ኮፈን የላቸውም፤ ሞተሩ የሚታየው ጋቢናው በሙሉ ወደ ፊት ሲተኛ ነው። ጋቢናው ራሱ ግን ዋና መቆለፊያና የደህንነት መንጠቆ ስላለው ሐሳቡ ከኮፈን አይለይም። የቮልስዋገን ቢትል፣ ማለትም ቮልስ፣ ደግሞ ሞተሩ ከኋላ ቢሆንም የፊት የዕቃ ክዳኑ ማጠፊያ ከመስታወቱ ሥር ስለሆነ እንደ ማንኛውም ኮፈን ሊበረገድ ይችላል።

አደጋው በዋናነት የሚመለከተው የቤት አውቶሞቢሎችን፣ ፒክአፖችንና ጂፖችን ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ወደ አገር የገቡት ውጭ አገልግለው በመሆኑ፣ የቀድሞ ግጭታቸውና ጥገናቸው ለገዢው ግልጽ አይደለም። በተጨማሪም አንድ መኪና በብዙ እጅ ያልፋል፤ መለዋወጫ ሲጠፋ ከሌላ ሞዴል የተወሰደ መቆለፊያ ወይም ኮፈን ይገጠምለታል። በኮረኮንች መንገድ ላይ ያለው መንቀጥቀጥ ደግሞ የላላ ብሎንን ያላላዋል።

እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ለዚህ ጉዳይ አንድ ለውጥ አምጥቷል። ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ለረጅም ጊዜ ያለማቋረጥ መንዳት በአገሪቱ የተለመደ አልነበረም። በከተማ ውስጥ ለዓመታት በግማሽ መያዣ ሲሠራ የቆየ ኮፈን ሙሉ የነፋስ ፈተና የሚገጥመው እንዲህ ባለው መንገድ ላይ ነው። መንገዱ የታጠረና ተሽከርካሪዎች በፍጥነት የሚከታተሉበት በመሆኑም በድንገት የቆመ መኪና ከኋላው ለሚመጣው ትልቅ አደጋ ነው።

መንግሥት በ2024 እ.ኤ.አ. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በፍጥነት በዝተዋል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በኮፈኑ ሥር ሞተር ሳይሆን የዕቃ ማስቀመጫ አላቸው። በነዳጅ መኪና በወር አንዴ ይከፈት የነበረው ክዳን በእነዚህ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ሊከፈት ይችላል፤ የሚከፍተውም መካኒክ ሳይሆን የገበያ ዕቃ የያዘ የቤተሰብ አባል ነው።

ኮፈኑ ሲበረገድ

ከመበረገዱ በፊት ብዙ ጊዜ ምልክት ይኖራል። የኮፈኑ የፊት ጠርዝ ይርገበገባል፣ ያልተለመደ የነፋስ ድምፅ ይሰማል፣ ወይም ክሩስኮቱ ላይ የክፍት ኮፈን ምልክት ይበራል። ይህን ያየ አሽከርካሪ እስከሚቀጥለው ማደያ ልድረስ ማለት የለበትም፤ ፍጥነት ቀንሶ ዳር ይዞ መቆምና መዝጋት ይገባዋል።

ከተበረገደ በኋላ የመጀመሪያው ፈተና ድንጋጤው ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ያህል ይሄዳል። ፍሬን በሙሉ ኃይል መርገጥ ከኋላ የሚመጣውን መኪና ይጋብዛል፤ መሪን በድንገት መጠምዘዝ ደግሞ የበለጠ የከፋ ነው። መንገዱ ከአንድ ሰከንድ በፊት እንደነበረው እዚያው ስለሆነ፣ መሪውን በያዙበት አቅጣጫ አጽንቶ እግርን ከነዳጅ ላይ ማንሳት፣ አራቱንም ፍሬቻ ማብራትና ፍሬኑን ቀስ በቀስ መያዝ ይመከራል።

እይታ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል ማለትም አይደለም። በብዙ መኪኖች የተነሳው ኮፈን ከማጠፊያው አጠገብ፣ በመስታወቱ የታችኛው ጫፍ በኩል ጠባብ ክፍተት ይተዋል። አንገቱን ዝቅ ያደረገ አሽከርካሪ በዚያ ክፍተት ከፊቱ ያለውን አስፋልት ሊያይ ይችላል። ክፍተቱ ከሌለ የጎኑን መስታወት አውርዶ የመንገዱን መስመር ወይም ጠርዝ እየተመለከቱ ወደ ቀኝ ዳር መውጣት ይቻላል። ከቆመ በኋላ ተሳፋሪዎች ተሽከርካሪ በማያልፍበት በኩል ወርደው ከመንገዱ ይራቁ፤ የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘኑም ከኋላ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ኮፈኑን ጎትቶ ለማውረድ መታገል ለኋላ ይቆይ፤ ማጠፊያዎቹ ከታጠፉ በጉልበት ሲወርድ መስታወቱን ጨርሶ ሊሰብረው ይችላል።

ኮፈኑን በገመድ አስሮ መንዳት የተለመደ ነው። በቅርብ ወዳለ ጋራዥ በሰው እርምጃ ፍጥነት ለመድረስ ያገለግል ይሆናል፤ ለረጅም ጉዞ ግን አያስተማምንም፤ መኪናውን ማስጎተት ይሻላል።

ፍተሻና ጥገና

መንጠቆው ይሠራ እንደሆነ ማወቅ መሣሪያ አይጠይቅም። መኪናው ቆሞ ሳለ ከውስጥ ያለው ማንሻ ይሳባል፤ ኮፈኑ ብድግ ሲል መንጠቆውን ሳይነኩ የፊቱን ጠርዝ በመዳፍ ወደ ላይ ማንሳት ይሞከራል። መንጠቆው ደህና ከሆነ ኮፈኑ ጠንክሮ ይቆማል። ዝም ብሎ ከተነሳ ሁለተኛ መያዣ የለውም ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ምንም ያህል ጥሩ ድምፅ ቢያሰማ መኪናው አውራ ጎዳና ላይ መውጣት የለበትም። ቀጥሎ ኮፈኑ ተከፍቶ መንጠቆው በጣት ተገፍቶ ሲለቀቅ በራሱ ፈጥኖ መመለስ አለበት፤ እየተጎተተ ከተመለሰ መጽዳት ይፈልጋል። መቆለፊያው በብሩሽና በማጽጃ ፈሳሽ ከታጠበና ከደረቀ በኋላ ግራሶ ይቀባል። አሮጌ ግራሶ ላይ አዲስ መጨመር አቧራውን አብሮ ማጣበቅ ነው። ሰርቪስ ሲደረግ ወይም ቦሎ ሊታደስ ሲቃረብ መሞከር ለማስታወስ ይቀላል፤ ሞተር ከታጠበ ወይም የፊቱ ላሜራ ከተሠራ በኋላ ግን ቀን ሳይጠበቅ መደረግ አለበት።

አንዴ የተበረገደ ኮፈን ላሜራው ቀንቶ መልሶ ቢገጠምም ማጠፊያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ተጣመዋል፤ ከተጣመመ ማጠፊያ ጋር ቀለበቱ ጥፍሩ ላይ በትክክል ስለማያርፍ ኮፈን፣ ማጠፊያና መቆለፊያ አብረው መታየት አለባቸው። የፊት መስታወት ሁለት ንብርብር ሆኖ በመሐሉ የፕላስቲክ ሽፋን ስላለው ሲመታ ይሰነጠቃል እንጂ ወደ ውስጥ አይረግፍም፤ የተሰነጠቀው ግን መቀየር ይኖርበታል። የጣሪያው የፊት ጠርዝ ከተሰረጎደ አዲሱ መስታወት ሳይገጠም በፊት መቃናት አለበት፤ አለዚያ በማሸጊያው በኩል ውኃ ይገባል። ሥራው ሲያልቅ መኪናውን የሚረከበው ሰው ኮፈኑን ራሱ ከፍቶና ዘግቶ፣ መንጠቆውን ሳይነካ በመዳፉ ለማንሳት መሞከር ይኖርበታል።